ከመድረክ ጀርባ ያለው ቀለም ቤት
በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሕክምና ውጪ ስለሠራሽው ሥራ ንገሪን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅኩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሆቴል የከፈተ አለ፣ ቡና ወደ ውጭ የሚልክ አለ፣ ግጥም ያሳተመም አለ። እኔ ከሕክምና ውጪ የሠራሁት አንድ ሥራ ብቻ ነው። እሱም አምስት ወር ነው፤ ክፍያውም በቀን ሒሳብ ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሕመምተኛ ፊት ስቀመጥ እንደዚያ አምስት ወር ደጋግሞ የጠቀመኝ ኮርስ ጥቂት ነው። መምህሮቻችን ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጊዜው 1993 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ የሆነውን የእኔ ክፍል ልጆች ታውቁታላችሁ። ለሌሎቻችሁ፣ ትምህርት ተቋርጦ ሻንጣችንን ይዘን ወደየቤታችን ተበተንን ብል ይበቃል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እቤት ቁጭ ብዬ ሬዲዮ ሳዳምጥ ስሰነብት እናቴ አላስችል ብሏት ከአጎቴ ጋር መከረች። አጎቴ ከአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች በአንዱ የመድረክ አናጢ ነበር። «ቀለም ቤት ሰው ይፈልጋሉ፤ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ቴአትር መድረስ አለበት» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ቀለም ቤት ሲባል እኔ ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ መስሎኝ ነበር።

ቦታው ከመድረኩ ጀርባ፣ ከአናጢዎቹ ክፍል አጠገብ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ሁለት፣ አንዱም አይከፈትም። ወለሉ ላይ እርስ በርሱ የተሰፋ አቡጀዲ ተወጥሮ ዙሪያውን በምስማር ተመትቷል። ሠዓሊዎቹ በካልሲ ወይም በባዶ እግራቸው ላዩ ላይ እየሄዱ፣ ብሩሹን ረጅም እንጨት ላይ አስረው፣ ቆመው ይሥላሉ። በበሩ ለሚያልፍ ሰው ቤት የሚጠርጉ ነው የሚመስሉት። ኃላፊው ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ነበሩ፤ አሁን በሕይወት የሉም። ከእኔ ሌላ አንድ ተላላኪ ልጅ ነበር። በሁለት ዓመት ያንሰኛል። ስለ እሱ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ኮላ ማሞቅ ነበር። ስለ ኮላው ትንሽ ልበላችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ያን ጊዜ የመድረክ ቀለም ተዘጋጅቶ በጣሳ አይመጣም። የዱቄት ቀለም በኪሎ ይገዛል፤ ዱቄቱን ጨርቁ ላይ የሚያጣብቀው ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚሠራ ኮላ ነው። ኮላው ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ድስቱ ሌላ ውኃ ያለበት ድስት ውስጥ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ይሞቃል። በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ያርራል፤ ከፈላም ጉልበቱን ያጣል። ከወፈረ ጨርቁ ሲጠቀለል ቀለሙ ይሰነጣጠቃል። ከቀጠነ ደግሞ ሲደርቅ ዱቄት ሆኖ ይረግፍና ተዋናዩ ነጠላ ላይ ይቀራል። መለኪያ የለም። ጋሼ ሁለት ጣታቸውን ነክረው ያጣብቃሉ፣ ያላቅቃሉ፤ ጣቶቹ እምቢ ብለው ትንሽ ሲጎተቱ «በቃ፣ ደርሷል» ይላሉ። የተረፈው ኮላ በሦስተኛው ቀን ይሸታል። አናቶሚ ክፍል የገባን ቀን ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ሲይዙ እኔ «ከኮላው አይብስም» ብዬ ዝም አልኩ።

ከኮላ ወደ ሲባጎ ከፍ አልኩ። ንድፉ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይሠራል፤ ወረቀቱ በ2 ሳንቲ ሜትር ካሬ ይከፋፈላል፣ ጨርቁ ደግሞ በ50። ሲባጎው ከሰል ይቀባል፤ አንድ ሰው ከዚህ፣ አንድ ሰው ከዚያ ወጥሮ ይይዘዋል፤ መካከል ያለው ሳብ አድርጎ ሲለቀው ቀጥ ያለ ጥቁር መሥመር ጨርቁ ላይ ይቀራል። ከዚያ በወረቀቱ አንድ ካሬ ውስጥ ያለው ነገር በጨርቁ አንድ ካሬ ውስጥ ይሣላል። በቃ፤ ትልቅ ሥዕል የሚባለው ብዙ ትንንሽ ሥዕል ነው።

በዚያ ክረምት የሣልነው የፋሲል ግንብን ነው። እኔ ጎንደርን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ድንጋዩን የሠራነው በስፖንጅና በመጥረጊያ ነው። መጀመሪያ ግራጫ ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ ሞቅ ያለ ቡኒ በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ ይደረጋል፤ በመጨረሻ ብሩሹን እጃችን ላይ እየመታን ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ እንረጫለን። ወለሉ ላይ ቆሜ ሳየው የተደፋ ቀለም ነው እንጂ ሌላ ምንም አይመስልም። ጋሼ መሰላል ላይ አስወጡኝና «እስቲ አሁን እዪው» አሉኝ። ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። ጥላው ያለበት፣ ዝናብ የበላው ድንጋይ። ከዓመታት በኋላ ጎንደር ሄጄ እውነተኛውን ሳየው ትንሽ ገርጥቶ ታየኝ፤ የእኛው ይበልጥ ነበር። ጎንደሬዎች አትቆጡ።

ብርሃን ነገርን እንዴት እንደሚለውጥ ያወቅኩትም እዚያ ነው። ርጥብ ቀለም ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይነጣል፤ ስለዚህ ጋሼ የቀየጡትን ቀለም ቁራጭ ጨርቅ ላይ ቀብተው ከሰሉ ዳር ሳያደርቁ አይፈርዱም። እሱም አይበቃቸውም። ጨርቁን መድረክ ላይ ያወጡና መብራት ያስበሩበታል። ቀይ ቀለም በሰማያዊ መብራት ሥር ጥቁር ይሆናል። ቢጫ በቢጫ መብራት ሥር ከነጭ አይለይም። ሦስት ዓመት ቆይቶ ዋርድ ስንገባ አንድ መምህራችን «የሕመምተኛን ዓይን በአምፖል እንዳታዩ፤ ወደ መስኮቱ አዙሩትና በቀን ብርሃን እዩት» ብለው ስለ ወፍ በሽታ ሲያስተምሩን፣ እኔ ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። በአምፖል ሥር ጤነኛ የመሰለን ዓይን መስኮት ዳር ሲሄድ ቢጫ ሆኖ ስንት ጊዜ አይተናል!

እስካሁን የነገርኳችሁ ደስ የሚለውን ነው።

የዱቄት ቀለም ከከረጢት ወደ ባልዲ ሲገለበጥ ይነሳል። በዚያች መስኮት በምትገባ ፀሐይ ላይ ዱቄቱ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ ቀይ በሆነ ቀን አየሩ ቀይ ነው። ማታ አፍንጫዬን ስጠርግ የዕለቱ ቀለም መሐረቡ ላይ ይወጣል፤ እናቴ «ዛሬ ደግሞ ሰማያዊ ሆንሽ?» ትለኝ ነበር። በክረምት ጨርቁ አይደርቅም። ስለዚህ በር ይዘጋና ሦስት አራት የከሰል ምድጃ ይደረደራል። ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም ራስ ምታት ይይዘናል፤ አንዱ ውጭ ወጥቶ ሲያስመልሰው «ባዶ ሆዱን ስለሆነ ነው» ይባላል። ቴአትሩ ካለቀ በኋላ ያ ሁሉ ሥዕል ግቢ ውስጥ ተዘርግቶ ይታጠባል፤ የኮላ ቀለም ውኃ ይለቀዋል፣ አቡጀዲውም ለሚቀጥለው ሥራ ይፈለጋል። አጣቢዎቹ እኔና ተላላኪው ልጅ ነበርን። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንድ ትሪ ዙሪያ እንቀመጣለን። እጃችንን እንታጠባለን፤ ሳሙና ያለ ቀን በሳሙና፣ የሌለ ቀን በውኃ። የጥፍራችን ሥር ግን ቢጫ ነው። በዚያ እጅ እንጎራረሳለን።

ስለዚያ ቢጫ ያሰብኩት በኋላ ነው። ጣሳው ላይ የተጻፈው የቀለሙ ስም ብቻ ነበር። ክሮም ቢጫ የሚባለው ቀለም እርሳስ እንዳለበት፣ እርሳስ ደግሞ በአፍ ገብቶ ደምን፣ ነርቭን፣ ኩላሊትን እንደሚጎዳ የተማርኩት ትምህርት ከተመለስኩ በኋላ ነው። የእኛ ጣሳ ውስጥ የነበረው እሱ ይሁን ሌላ ያየው ላቦራቶሪ የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ አንድ መጽሐፍ ሞዴና ውስጥ አሳትሟል። ስለ ሠዓሊዎች ምዕራፍ አለው። እዚያ ላይ ከእሱ በፊት የነበረውን ፈረንሳዊ ሐኪም ዣን ፌርኔልን ጠቅሶ፣ እጁና ጣቱ መንቀጥቀጥ ስለጀመረው አንድ ሠዓሊ ያነሳል፤ ሰውየው ብሩሹን በጣቱ ይጨምቃል፣ አልፎም በአፉ ይልሰዋል። ይህን ሳነብ የእኛ ትሪ ፊቴ ላይ መጣ። ራማዚኒ ለሐኪሞች የሰጠው ምክር ደግሞ ቀላል ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ሕመምተኛን በምንጠይቀው ጥያቄ ላይ አንድ ጨምሩ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁት፣ ነው ያለው። ከ300 ዓመት በላይ ሆነው።

«እኛስ እንጠይቅ የለም ወይ? ካርዱ ላይ ሥራ የሚል መሥመር አለ» ትሉኝ ይሆናል። አለ። አሁን ወደዚያ ልጅ ልመለስ።

ያ ተላላኪ ልጅ ቀለም ቤቱን አልለቀቀም። ከጋሼ ሥር ተምሮ ራሱ ጥሩ ሠዓሊ ሆነ፤ አግብቶ ሦስት ወለደ። ስልክ እንለዋወጣለን፤ አዲስ ቴአትር ሲከፈት ይጠራኛል። በ2011 ዓ.ም. አንድ ማታ ደወለልኝና «እህቴ፣ ይኼ ሳል ሊገድለኝ ነው» አለኝ። ድምፁ ተቆራርጧል። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሦስት ሐኪም ቤት ሄዷል፤ ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፣ ማናችንም የምንሠራባቸው ዓይነት ናቸው። አክታው ለቲቢ ተመርምሮ ምንም የለም፤ ራጅ ተነስቶ ንጹሕ ነው። አንቲባዮቲክ አራት ዙር ወስዷል። ካርዶቹን እንዲያመጣ አደረግኩ። በሦስቱም ላይ «ሥራ» በሚለው መሥመር የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው፦ የመንግሥት ሠራተኛ።

ልክ ነው፤ ቴአትር ቤቱ የመንግሥት ነው። ግን የመንግሥት ሠራተኛ ሲባል ሐኪሙ ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ማኅተም ነው። ይህ ሰው በዓመት 10 ወር ቀለም እየተነፈሰ የሚሠራ ሰው መሆኑን ከዚያ ካርድ ላይ ማን ያውቃል? መዝገብ ክፍል ያለችው ልጅ ወረፋውን ለማቃለል ጽፋዋለች፤ ሐኪሙም 60 ሰው ውጭ ቆሞ እየጠበቀው ተጽፎ ያገኘውን ደግሞ አይጠይቅም። በዚያ ላይ ሌላ ነገር አለ። እሱ ሐኪም ቤት የሚሄደው በእረፍት ቀኑ ነው። በእረፍት ቀኑ ደግሞ ደረቱ ንጹሕ ነው!

የጠየቅኩት ጥያቄ ረጅም አልነበረም። ሳሉ መቼ ይብስብሃል? «ማታ ማታ፤ ከረቡዕ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም።» የጠፋልህ ጊዜስ አለ? «ለእናቴ ተዝካር አገር ቤት ሄጄ 12 ቀን ስቀመጥ ብን ብሎ ጠፋ። የአገሬ ጠበል ነው።» ጠበሉን አልነካሁበትም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ቀለም ቤቱ ውስጥ ምን አዲስ ነገር እንደገባ ጠየቅኩት። ኮላና ዱቄት ከቀረ ቆይቷል። አሁን የፕላስቲክ ቀለም ነው፤ ያ በብዙ መልኩ ይሻላል። ነገር ግን የቤተ መንግሥት ወለል እንደ እብነ በረድ ማብረቅ አለበት ተብሎ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ የመኪና ቀለም ከነሃርድነሩ በኮምፕሬሰር ይረጫሉ። እዚያው፣ ያ መስኮት ባልተከፈተበት አዳራሽ ውስጥ። አፋቸው ላይ የሚያደርጉት የቀዶ ጥገና ማስክ ነው፤ እሱ ትነት አያግድም።

የውስጥ ደዌ ሰዎች አሁን የት እንደምሄድ ገብቷችኋል። ብዙዎቹ ሃርድነሮች ውስጥ አይሶሳያኔት አለ፤ በሥራ ምክንያት ከሚመጣ አስም ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ እሱ ነው። ማሽን አላስፈለገኝም። ፒክ ፍሎው ሜትር ሰጠሁት፤ ለቤተሰቦች ልንገር፣ በኃይል እፍ የሚባልባት የፕላስቲክ ቱቦ ናት። በቀን አራት ጊዜ እየነፋ እንዲጽፍ ነገርኩት፤ ሁለት ሳምንት ሥራ ላይ እያለ፣ አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዶ። ሠዓሊ ነውና ቁጥሩን በሠንጠረዥ ሳይሆን በካሬ ወረቀት ላይ መሥመር አድርጎ ሥሎ አመጣልኝ። ሰኞ ጠዋት ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ሐሙስ ማታ ገደል ይገባል፤ እሑድ ተመልሶ ይወጣል። የፈቃዱ ሳምንት ሜዳ ነው። ያን ወረቀት አሁንም ለተለማማጅ ሐኪሞች አሳያለሁ፤ ከእሱ የተሻለ የማስተማሪያ ሥዕል አላገኘሁም።

ምርመራው ቀላሉ ክፍል ነበር። ለዚህ በሽታ ዋናው መድኃኒት ከዚያ ትነት መራቅ ነው፤ በቶሎ የራቀ ይሻለዋል፣ የዘገየ ሳንባው ላይ ሊቀርበት ይችላል። እንዲህ ስነግረው ዝም ብሎ አየኝና «እኔ ከቀለም ሌላ ምን አውቃለሁ?» አለኝ። ሦስት ልጅ አለው፤ የቤት ኪራይ አለበት። የትርፍ ሰዓቱ ገንዘብ የሚገኘው ከዚያው ከርጭቱ ነው። ኢንሄለሩን ስጪኝና ልሥራበት አለኝ። ተጨቃጨቅን። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን፤ ባለቤቱ ባትመጣ ኖሮ አልረታውም ነበር።

በስተመጨረሻ «ከሥራው ጋር የተያያዘ አስም» ብዬ ምክንያቱንና ያንን ሥዕል አያይዤ ጻፍኩ፤ ጉዳዩ ሕክምና ቦርድ ደረሰ። ጊዜ ወሰደ። ወረቀቱ አንዴ ጠፍቶም ነበር። በመጨረሻ ወደ ንድፍ ክፍል ተዛወረ። ዛሬ በወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ሳሉ ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልለቀቀውም፤ በብርድ ጊዜና አቧራ ሲነሳ ይመለስበታል። ገቢው ወርዷል። ባለፈው ስንገናኝ «ቀለም ሳልነካ ሠዓሊ መባል ያሳፍረኛል» አለኝ። ምን ልመልስለት? መልስ አልነበረኝም።

በእሱ ቦታ ሁለት ወጣቶች ገብተዋል። መርጫውን አሁን እነሱ ናቸው የሚይዙት።

እሱን ካየሁ ወዲህ «ሥራ» የሚለውን መሥመር አላምነውም። «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለው አንዱ ነው። «የግል» የሚባል አለ፤ ጋራዥ ነው? ወፍጮ ቤት ነው? ድንጋይ ጠራቢ ነው? «የቤት እመቤት» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ይመስለኛል። 30 ዓመት ጭስ ጠግቦ በማይወጣበት ማድ ቤት ውስጥ እንጀራ የጋገረች ሴት ትንፋሽ አጥሯት ስትመጣ፣ ሲጋራ አጭሳ እንደማታውቅ ጽፈን እንሸኛታለን። እኔ አሁን ሥራህ ምንድን ነው ብዬ አላቆምም። ትናንት ጠዋት ሥራ ገብተህ በእጅህ መጀመሪያ የነካኸው ነገር ምንድን ነው? ከዚያስ? እላለሁ። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሁለት ደቂቃ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰዎች ግን ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ፊታቸው ይፈታል፤ ስለ ሆዳቸው ሲጠየቁ ያልነገሩኝን ስለ መዶሻቸው ሲያወሩ ይነግሩኛል።

የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ በየዓመቱ ነፃ ምርመራ የምናደርግበትን ቀን ዘንድሮም ይዟል። ሁልጊዜ የምንሄደው ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ደም ግፊት እንለካለን፣ ስኳር እናያለን። ጥሩ ነው፤ ይቀጥል። ዘንድሮ ግን ቡድናችን ግማሹ ወደ ሥራ ቦታ ቢሄድ ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ከቴአትር ቤቶቹ ቀለም ቤት ብንጀምር በሩን የሚከፍትልን ሰው አለኝ፤ ካርታውን ሥሎ ሰጥቶኛል፣ መስኮቱ የት እንዳለ ሳይቀር። ከዚያ የጋራዥ ቀለም ቀቢዎች፣ ከዚያ እንጨት ቤቶች። የሳንባና የውስጥ ደዌ ሰዎች ያስፈልጉናል፤ የኅብረተሰብ ጤና ሰዎችም፣ በተለይ አየሩን መለካት የምትችሉ። ከምሳ በኋላ መግቢያው በር ጋ ባለው ጠረጴዛ ላይ መመዝገቢያ ደብተር አለ፤ አጠገቡም ስድስት ፒክ ፍሎው ሜትር አስቀምጫለሁ። ስድስት አይበቃም፤ ከውጭ የመጣችሁ ስትመለሱ ላኩልን። ስትመዘገቡ ከስማችሁ አጠገብ ሥራ የሚል መሥመር አለ፤ እባካችሁ «ሐኪም» ብላችሁ ብቻ አትለፉት።